ሁለት «ት»፣ አንድ ጭረት

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ፖስተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እኔ ጥሩ ቃል እየጠበቅሁ ነበር፤ ሦስት ሌሊት አምሽቼበታለሁ። ወፍራም ጥቁር ፊደል፣ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ወረቀት፣ ዳር ዳሩ የተሸራረፈ፣ መሃል መሃሉን ቀለም የሳተው ጽሑፍ። ከአያት ሣጥን ሥር የተገኘ እንዲመስል ያልሆንኩት የለም። «የትዝታ ምሽት» ይላል። ያሠራኝ ካፌ ሐሙስ ሐሙስ ማሲንቆና ክራር የሚያስመጣ፣ ራሱ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ቤት ነው።

«ይቺ ት መቼ ተጫረች?» አሉኝ።

«የትኛዋ?»

«ከየ ቀጥላ ያለችው። መጨረሻ ላይ ያለችውስ? ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ምስማር፣ አንድ ቦታ ላይ ነው የተጫሩት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመጀመሪያዋ ት ክንድ ሥር ሰያፍ የወረደች ጭረት አለች፤ ጫፏ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጥብ። ሁለተኛዋም ላይ ያቺው ጭረት፣ ያቺው ሰሊጥ። ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳፈጥባት አላየኋትም። እርሳቸው አምስት ሴኮንድ አልፈጀባቸውም።

ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ለወጣቱ አንባቢ፦ ፊደል ለቃሚ ማለት ከተከፋፈለ ሣጥን የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እያነሳ፣ በግራ እጁ በያዘው መደርደሪያ ላይ ቃሉን፣ መስመሩን፣ በመጨረሻም ገጹን የሚገጣጥም ባለሙያ ነው። ዛሬ አራት ኪሎ አካባቢ፣ የዘመዳቸው ልጅ ጓሮ ውስጥ በከፈተው አነስተኛ ማተሚያ ቤት ይውላሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ወንበር ግን አላቸው። ወንበራቸው ጎን አንድ አሮጌ ሃይደልበርግ ማተሚያ መኪና ቆሟል። ሁለት ክንዶቹ እንደ ነፋስ ወፍጮ እየተሽከረከሩ፣ አንዱ ወረቀት ሲያነሳ ሌላው ያስቀምጣል። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ላይ ቁጥር ሲመታ ይውላል፤ አልፎ አልፎም የሠርግ ካርድ ያጥፋል። መጽሐፍና ፖስተር ከእጁ ከወጡ ቆይተዋል።

*

እኔ ሠራሁት ያልኩት ዓይነት ፊደል በዓለም ገበያ ላይ በሺህ የሚቆጠር ወንድም አለው። ወፍራም፣ ለርዕስና ለፖስተር ብቻ የሚሆን፣ ሆን ተብሎ የተጎዳ፣ ከአሮጌ ማተሚያ ቤት የወጣ የሚመስል ፎንት። የቢራ ጠርሙስ ላይ አለ፣ የበርገር ቤት ግድግዳ ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ። ካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ አባቱን ያውቀዋል፤ ሽፍታ የሚፈለግበት፣ ምስሉና የራሱ ዋጋ የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ያለው ፊደል ነው።

አባትየው ግን ከካውቦዩ በፊት ለንደን ውስጥ ነው የተወለደው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የአውሮፓ ማተሚያ ፊደል የመጽሐፍ ፊደል ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ጨዋ፣ በክንድ ርቀት የሚነበብ። ከዚያ ሎተሪ፣ ቲያትር፣ የመርከብ ጉዞና የመድኃኒት ሽያጭ ግድግዳውን ወረሱት። ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ከሚሮጥ ሠረገላ መነበብ አለበት። ሮበርት ቶርን የሚባለው ፊደል ቀራጭ የመጽሐፉን ፊደል ወፍራም ምሰሶ እስኪያክል ነፋው። ቪንሰንት ፊጊንስ ከእግሩ ሥር እንደ ጡብ ያለ መርገጫ አደረገለት። በ1816 እ.ኤ.አ. ደግሞ አራተኛው ዊልያም ካስሎን መርገጫውን ጨርሶ ያነሳበት ናሙና አሳተመ። የጊዜው ጨዋ ሰው በእነዚህ ፊደሎች ተሳቀቀ። ነጋዴው ግን ወደዳቸው።

ችግሩ ክብደቱ ነበር። የእርሳስ ፊደል ሲተልቅ ይከብዳል፣ ዋጋው ይንራል፤ የቀለጠው እርሳስ እኩል ስለማይቀዘቅዝ ፊቱ ይጎደጉዳል። ስለዚህ በ1827 እ.ኤ.አ. ዳሪየስ ዌልስ የሚባል የኒውዮርክ አታሚ እንጨት የሚቦረቡር መኪና ሠራ፤ በዓመቱም የእንጨት ፊደል ካታሎግ አወጣ። በ1834 ዊልያም ሌቨንወርዝ መኪናው ላይ አንድ ጥበብ ጨመረ፦ አንዱን ሞዴል በብዕሩ ጫፍ እየተከተሉ፣ በሌላኛው ጫፍ የፈለጉትን ያህል አሳድገው ወይም አሳንሰው መቅረጽ። ከዚያ በኋላ ፊደል እንደ ወንበር እግር የሚመረት ዕቃ ሆነ።

የወንበሩ ነገር ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት፣ ቱ ሪቨርስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ጄምስ ኤድዋርድ ሃሚልተን የሚባል ሰው ወንበር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። የከተማዋ ጋዜጣ አዘጋጅ ለአንድ የዳንስ ምሽት ፖስተር ትልልቅ ፊደል አጣ፤ ከምሥራቅ አዝዞ ለማስመጣት ቀኑ አይበቃም። ሃሚልተንን ለመነው። እርሱም ስስ እንጨት በእግር በሚረገጥ መጋዝ ቆርጦ፣ ከወፍራም እንጨት ላይ ለጥፎ ሰጠው። በ1880 ሥራውን ድርጅት አደረገው፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ትልልቅ ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ ገዛቸው። ዛሬ በዚያችው ከተማ በስሙ የቆመው ሙዚየም 1.5 ሚሊዮን ያህል የእንጨት ፊደል አለኝ ይላል። ይህን ታሪክ ለጋሼ ስነግራቸው የገረማቸው ቁጥሩ አልነበረም። «ለዳንስ ምሽት ነው ያልከኝ?» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ሰው ፖስተር የሚያስታውሰው ዛሬም በመጨረሻው ቀን ነው።»

ሌላው ስሙ መነሳት ያለበት ቤት ናሽቪል በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ነው ያለው። ሃች ሾው ፕሪንት በ1879 እ.ኤ.አ. በሁለት ወንድማማቾች ተከፍቶ፣ የሰርከስና የሙዚቃ ፖስተር ሲያትም ኖረ። ዛሬ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ይዞታ ነው፤ ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ አልተቀመጠም። በዚያው የእንጨት ፊደል አሁንም ፖስተር ያትማል፣ ይሸጣል። ከመቶ ዓመት በፊት የተጫረች ፊደል ባለፈው ሳምንት የታተመ የኮንሰርት ፖስተር ላይ ጭረቷን ይዛ ትወጣለች። የኔ ኮምፒውተር ሊያስመስል የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

*

ጋሼ ፖስተሬን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው በእርሳስ ጫፍ እየነኩ ይፈትሹት ጀመር። ለእኔ ጉዳት ማለት ጉዳት ነበር፤ ነጭ ነጥብ፣ ነጭ መስመር፣ ትንሽ ፍርፋሪ። ለእርሳቸው ግን እያንዳንዱ ነጭ ነጥብ አድራሻ አለው።

ማተሚያ ላይ ያለ ፊደል ከመሠረቱ እስከ ፊቱ 23.3 ሚሊሜትር ያህል ይቆማል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልኬት ይህ ነው። ሁሉም እኩል ሲቆሙ ቀለሙን እኩል ይቀበላሉ፣ ወረቀቱንም እኩል ይነካሉ። አንዲቱ በሥራ ብዛት የፀጉር ያህል ካጠረች መሃሏ ፈዝዞ ይወጣል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ደርሶ አይጫናትም። «እንዲህ ያለችዋን ሥሯ የሲጋራ ወረቀት እንለጥፍላት ነበር» አሉኝ። «ከፍ ስትል ትደምቃለች። የኔ ሥራ መደበቅ ነበር። አንተ ደግሞ ተከፍሎህ የደበቅኩትን ታወጣለህ።»

ቀለም ሲበዛ ሌላ ነገር ይመጣል። ጫናው ቀለሙን ከፊደሉ ፊት ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ፊደል ዳር ከመሃሉ ይልቅ ጠቆር ያለ ቀጭን ጥልፍ ይይዛል። ቀለም ሲያንስ ደግሞ የወረቀቱ ሸካራነት ይታያል፤ ጉብ ጉብ ያለው ብቻ ቀለም ይነካና ፊደሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥግ የሚሸረፈው ፊደል ሲወድቅ ነው። ሲወድቅ ደግሞ በጥጉ እንጂ በመሃሉ አይወድቅም። መሃል ላይ የሚገኝ ጭረት ከሌላ ብረት ጋር በመፋተግ የመጣ ነው፤ እንጨት ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል።

ከዚያ የኔን ፖስተር አዩ። ዝ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ የቀለም እጥረት ነው፣ ከጎኗ ያለችው ታ ግን ዳሯ ቀለም እንደበዛባት ያበጠ ነው። «ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ናቸው። አንድ ሮለር ነው ያለፈባቸው። እንዴት ነው አንዱ ተርቦ አንዱ የጠገበው?»

መልስ አልነበረኝም። ታውን በአንድ የኢንተርኔት ምስል፣ ዝን በሌላ ምስል ነበር ያቆሸሽኳቸው።

*

ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲመጣ የገባው ቃል ንጽሕና ነበር። ሁሉም ሀ አንድ ነው፤ አንድ ሺህ ጊዜ ብትጽፈው አንድ ሺህ ጊዜ ያው ነው። በዚህ ንጽሕና ላይ ቀድመው ካመፁት መካከል ሁለት ወጣት ሆላንዳውያን አሉ፤ ኤሪክ ቫን ብሎክላንድና ዩስት ቫን ሮሱም። በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቤዎቮልፍ የሚባል ፊደል ሠሩ። ማተሚያው ሊያትም ሲል የፊደሉን ነጥቦች በዘፈቀደ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ፊደል አይወጣም። የኋላ ኋላ ኮምፒውተሮቹ ሲለወጡ ያ ዘዴ መሥራት አቆመ። በ1991 ደግሞ ቫን ብሎክላንድ ትሪክሲን አወጣ። እውነተኛ የጽሕፈት መኪና የመታውን ፊደል፣ ከነቆሻሻው፣ ከነቀለም ፍንጣቂው ወደ ፎንትነት ቀየረው። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ስሙን የጻፈው በእርሱ ነው። ከዚያ በኋላ የተጎዳ ፊደል ጎርፍ ሆነ።

ነገር ግን የኔ ሰሊጥ ችግር የዚያ ጎርፍም ችግር ነው። ፎንት ውስጥ አንዲት ት ብቻ ካለች ጭረቷም አንድ ነው፤ ደጋግመህ ስትጽፋት ጭረቱም ይደጋገማል። ፈረንጆቹ ለዚህ አንድ ርካሽ መላ አላቸው። ፊደላቸው ትልቅና ትንሽ ስላለው፣ የፖስተር ፎንት ደግሞ በትልቁ ብቻ ስለሚሠራ፣ የትንሹን ቁልፍ ባዶ ከመተው ሌላ ጭረት ያላትን መንታ ያስቀምጡባታል። ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ጎን ለጎን ሲመጣ አንዱን በትልቁ፣ አንዱን በትንሹ ቁልፍ መምታት ነው። የተሻለው መላ ደግሞ ፎንቱ ራሱ ጎረቤቱን አይቶ እንዲቀያየር ማድረግ ነው፤ አንዲቱ ከታየች ቀጥላ የምትመጣው ሌላ መልኳን ትለብሳለች።

እኛ ትልቅና ትንሽ የለንም። መላው ከሥሩ ተቆረጠ።

ቁጥሩን እንየው። 26 ፊደል ያለው ሰው ለእያንዳንዱ ሦስት መልክ ቢሠራ 78 ሥዕል ነው፤ አንድ ጥሩ ቅዳሜና እሑድ። እኛ ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ብናባዛ 231 ነው፤ ሦስት ሦስት መልክ ሲሆን 693። እነ ቋና ጓ፣ ነጥቦቹና የግእዝ ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። እያንዳንዱ የተጎዳ ፊደል ደግሞ ዳሩ በሙሉ ጥርስ ጥርስ ስለሆነ፣ ከንጹሑ ይልቅ እጅግ ብዙ ነጥብ ይሸከማል፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ኮምፒውተሩ ያዛጋል። አንድ ሰው ለአንድ ፖስተር ብሎ ይህን እንደማይሠራ ግልጽ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ንጹሑን ፊደል እንወስድና ከላይ የቆሻሻ ምስል እናለብሰዋለን።

እዚህ ላይ ነው እኔ በበኩሌ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው የምለው። የፈረንጅ ቆሻሻ የተሠራው ለፈረንጅ ፊደል ነው። የእንግሊዝኛው B ላይ የፈለግከውን ያህል ነጭ ጭረት ጣል፤ B ያው B ነው። በእኛ ፊደል ግን ድምፁ ያለው በቅንጣቷ ላይ ነው። ካፌው ከሙዚቃው ፖስተር በፊት አንድ የቡና ማስታወቂያ አሠርቶኝ ነበር፤ ጭረቱ የቡ ጎን ላይ ያለችውን ቅጥያ በላትና «በና» ሆኖ ግድግዳ ላይ ወጣ። ባለቤቱ ለአንድ ወር ያህል «በናችሁ መጣ?» እየተባለ ሲቀለድበት ሰነበተ። «ሙዚቃ»ም እንዲሁ አንዲት ፍቅፋቂ ከቀናችባት «መዚቃ» ናት። ቀለም ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ የሌ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ቀለም ሞልቷት ስትደፈን ከሊ መለየት ያቅታል። ጠ፣ ሐ፣ ጨ የመሳሰሉት ብዙ እግር ያላቸው ደግሞ ሲወፍሩ በመሃላቸው ያለው ነጭ ክፍተት ቀድሞውኑ ክር ስለሚሆን፣ ትንሽ ቆሻሻ ይደፍነዋል።

ስለዚህ ፊደላችን ይጎዳ ከተባለ፣ የት የት እንደሚጎዳ ፊደል በፊደል መታወቅ አለበት። ምሰሶው ይጫር፤ ቅጥያው አይነካ። ራሱ ይላጥ፤ ቀለበቱ ክፍት ይቆይ። ይህን የሚያውቀው የቆሻሻ ምስል የሚሸጠው ድርጅት አይደለም። ሲጎዳ ያየ ሰው ነው።

*

ሌላም ጥያቄ አለ፤ የማንን እርጅና ነው የምናስመስለው? የተፈላጊው ሽፍታ ወረቀት ቴክሳስ ውስጥ ለኖረ ሰው ትዝታ ሊሆን ይችላል። ለኛ ግን የተዋስነው ትዝታ ነው።

የግእዝ ፊደል ኅትመት ዕድሜ አላነሰውም። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ ቋንቋውን የተማረው ከቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። (ቋንቋውን ግን ከለዳዊ ብሎት አረፈው።) በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አወጡ። እነዚህ የብረት ፊደሎች ብራናውን ነበር የሚያስመስሉት። ብራና ላይ ደግሞ ትኩረት የሚሰጠው ፊደሉን በማወፈር አይደለም፤ ቀዩን ቀለም በማንሳት ነው። የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሱ ስም ይቀላል እንጂ አይነፋም። ወፍራም ፊደል ለኛ ዘግይቶ፣ ምናልባትም ከጋዜጣው ጋር፣ የመጣ ይመስለኛል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ የተጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው።

የኛ ሰው የሚያስታውሰው የተጎዳ ጽሑፍ ግን አብዛኛው ከማተሚያ ቤት የወጣ አይመስለኝም። የጽሕፈት መኪና ነው። የአማርኛው የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ለሁሉም ፊደል ስለማይበቃው፣ ግእዙን መትቶ ቅጥያውን ለብቻው ይለጥፍበት ነበር። ቅጥያዋ ታዲያ አንዳንዴ ከአካሏ ተገንጥላ በአየር ላይ ትቀራለች፣ አንዳንዴ ወገብ ላይ ትገባለች። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የውል ወረቀት እንዲህ ነበር የሚጻፈው፤ ከግርጌው ወይን ጠጅ ክብ ማኅተም ግማሹ ደምቆ ግማሹ ጠፍቶ። ቀጥሎ ማባዣው አለ፤ የሚኒስትሪ መለማመጃ ጥያቄ፣ የማኅበር መጥሪያ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በሌሊት የሚበተነው የተቃውሞ ወረቀት። ስቴንስሉ ሲያረጅ የፊደሉ ሆድ ይቀደድና ክቡ ሁሉ በቀለም ይሞላል። የካሴት ሽፋንም እዚህ መቆጠር አለበት፤ በእጅ የተሣለ ወፍራም ስም፣ ከቦታው አንድ ሚሊሜትር የተንሸራተተ ቀይ።

የካፌውን ባለቤት አንድ ቀን «የትዝታ ምሽት»ን በተገነጠለ የጽሕፈት መኪና ፊደል ልሥራልህ ብዬው ነበር። «ቀበሌ አስመሰልከኝ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። እርጅና ሁሉ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ደስ ያለን እርጅና ብቻ ነው።

*

ከጋሼ ጋር የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ጉዳት ከፈለግን እንጉዳ።

ሰባቱን ፊደል ኤም ዲ ኤፍ ከሚባለው ጣውላ ላስቆርጥ ወሰንኩ፤ ሁለቱን ት ለየብቻ። ንድፉን በሲ ኤን ሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ፣ ለሚሠራ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት፤ በማግስቱ ተቀበልኩ። ጠረጴዛው ላይ ደርድረን፣ ጥቁር የኦፍሴት ቀለም በሮለር ቀብተን፣ የጋዜጣ ወረቀት አልብሰን፣ በማንኪያ ጀርባ አሸነው። ወረቀቱን ሳነሳው ጽሑፉ በመስተዋት እንደታየ ሆኖ ወጣ። መገልበጥ ረስቻለሁ። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ተ ብቻ ብትሆን ኖሮ አትታወቅብህም ነበር፤ ት ናት ያሳጣችህ» አሉ። እርሳቸው ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ፊደል ሲያነቡ የኖሩት በተገለበጠ መልኩ ነው፤ አሁንም ጋዜጣ ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሰው እያነበበ ከሆነ እርሳቸው ከተቃራኒው ወገን እኩል ያነቡታል። እንዲያውም ቀድመውት ይጨርሳሉ።

ሁለተኛው ዙር ተገለበጠ። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ኤም ዲ ኤፍ ጅማት የለውም። በወጉ እንጨት አይደለም፣ የተጫነ የእንጨት ቃጫ ነው። የታተመው ጽሑፍ እንደ ጎማ ማኅተም ልሙጥ ሆነ። ጋሼ ፊደሎቹን ከቁልፍና ከመፍቻ ጋር ከረጢት ውስጥ ከተቱልኝና «ይዘህ ዙር» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ከሜክሲኮ ሳሪስ፣ ከሳሪስ አራት ኪሎ፣ በታክሲ በአውቶቡስ ይዣቸው ዞርኩ። ይኸም ማጭበርበር ነው፤ ሠላሳ ዓመትን በሁለት ሳምንት መጭመቅ። ቢሆንም ጥጎቹ ተሸረፉ፣ የሽ አንዱ እግር ጫፉን አጣ፣ የየ ሆድ ላይ የመፍቻው ጥርስ ታተመ። ሁለቱ ት ሁለት የተለያየ ዕጣ ደረሳቸው፤ አንዲቷ ክንዷ ላይ ተጎረደች፣ ሌላዋ እግሯ ላይ ብቻ ተጋጠች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አርባ ጊዜ ያህል አተምን። መጀመሪያ ቀለም በዛና የዝ ውስጥ ተደፈነ። ሳንቀባ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ስናትም ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው መጣ። ኋላ ላይ ሮለሩ ራሱ መስመር ያዘ፤ መስመሯ ከየ ጀምራ ሳትቋረጥ በሰባቱም ላይ አልፋ እስከ መጨረሻዋ ት ትደርሳለች። ጋሼ ጣታቸውን ሲያስከትሏት፣ እኔ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አልነበረኝም። እነዚያን አርባ ወረቀት በስካነር አስገብቼ፣ ከአንዱ ወረቀት ብቻ፣ እርሱም አሥራ ሰባተኛው፣ ሙሉውን መስመር ሳልቆራርጥ ወሰድኩት። ፎንት አልሆነም። አንድ ጊዜ ብቻ የታተመ አንድ መስመር ነው።

ፋይሉን ለኅትመት የላክሁት ሌላ ቤት ነው። ማታ ስልክ ተደወለ። «ወንድሜ፣ ፋይልህ ላይ ቆሻሻ አለ፤ ላጽዳልህ?» አለኝ የኮምፒውተሩ ልጅ። በጨዋነት፣ ለኔ ተጨንቆ ነው። «ኧረ ተወው፣ እንዳለ ይታተም» አልኩት። «እሺ፤ ብቻ አንዷን ጀምሬያት ነበር» ብሎ ዘጋው። እኔም ረሳሁት።

ሐሙስ ማታ ጋሼን ይዤ ካፌው ሄድኩ። ማሲንቆው ገና አልተጀመረም። ፖስተሩ በሩ ጎን ተለጥፏል። መጨረሻዋ ት እግሯ እንደተጋጠ አለች። የመጀመሪያዋ ት ግን፣ ክንዷ ሞልቶ፣ ዳሯ ተስተካክሎ፣ የሮለሩ መስመር እርሷ ጋ ሲደርስ ጠፍቶ፣ ሙሽራ መስላ ቆማለች። ያ ልጅ የጀመራትን ጨርሷታል።

ደሜ ፈላ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ጠጋ አሉ።

«ይቺን ቀየራችኋት?»

«አይ ጋሼ፣ ልጁ ነው…»

«ጥሩ አደረገ» አሉ። «እኛም ሣጥን ውስጥ አንዷ ክፉኛ ስትጎዳ አውጥተን አዲስ እንተካ ነበር። አንድ መስመር ላይ ሁሌ አንዷ አዲስ ናት።» ከዚያም ዞር ብለው፣ ማኪያቶ እንዲመጣላቸው አዘዙ።